«ናት» እና «ትቆጠር»

ኤፕሪል 2024 ሊያልቅ ጥቂት ቀን ሲቀረው ሰሜን ለንደን ውስጥ፣ ከዶሮ ጥብስ ቤት በላይ ባለች ጠባብ የጠበቃ ቢሮ ተቀምጬ ነበር። (ቀኖቹን የምጽፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ ነገሩ የሆነው በእነሱ ቀን ነውና።) ሥራዬ ማስተርጎም ነው። ጥገኝነት ለሚጠይቁ ሰዎች ጠበቃ የሚለውን በአማርኛ፣ እነሱ የሚሉትን በእንግሊዝኛ ስል 14 ዓመት ሆነኝ። ከጎኔ የተቀመጠው ልጅ ሃያ አምስት ዓመት ገና አልሞላውም። ስሙን አልጽፍም። ይህን ለመጻፍ ፈቃዱን ስጠይቀው «ስሜ ካልተነሣ ይጻፉት ጋሼ» ብሎኛል።

እጁ ላይ አራት ቦታ የታጠፈ፣ እጥፋቱ የሳሳ ደብዳቤ አለ። በ2022 ክረምት በጀልባ ከፈረንሳይዋ ካሌ ተሻግሮ እንደገባ የተሰጠው ነው። ጉዳይህ እዚህ ላይታይ ይችላል፣ ወደ ሩዋንዳ ልትላክ ትችላለህ ይላል። የእንግሊዝ መንግሥት በጀልባ የገቡትን ጥገኝነት ጠያቂዎች ወደ ሩዋንዳ ልኮ ጉዳያቸው እዚያ እንዲታይ ዐቅዶ ነበር። ፍርድ ቤት ነገሩን ሲያግደው ደብዳቤውን ረስቶት ነበር። በዚያ ሳምንት ግን አዲስ ሕግ ወጣ፤ ልጁም ደብዳቤውን ከሻንጣው ሥር አውጥቶ መጣ።

ጠበቃዋ ሕጉን ከፍታ አንዱን አንቀጽ አነበበች፤ እኔም ቃል በቃል ለማድረስ ስሞክር እንዲህ አልኩት፦ «ውሳኔ የሚሰጥ ሁሉ የሩዋንዳን ሪፐብሊክ ያለ ምንም ክርክር ደኅና አገር አድርጎ መቁጠር አለበት።» ውሳኔ የሚሰጥ ሲባል ዳኛም ጭምር ነው ብላ ጨመረችበት።

ልጁ ትንሽ ዝም አለና ጠየቀኝ። «ጋሼ፣ ደኅና ናት ነው ያሉት ወይስ ደኅና ናት ተብላ ትቆጠር ነው ያሉት?»

ጥያቄውን ወደ እንግሊዝኛ ለመመለስ ጊዜ ወሰደብኝ። ጠበቃዋ ገባትና አንድ ገጽ ወደ ኋላ ገለጠች። ሁለቱንም ነው ያሉት አለች። አንቀጽ አንድ ላይ፣ ሩዋንዳ ደኅና አገር ናት የሚለው የፓርላማው ፍርድ ነው ተብሎ ተጽፏል። አንቀጽ ሁለት ላይ ሌላው ሁሉ እንዲያ ብሎ እንዲቆጥር ታዟል። እዚያው አንቀጽ አንድ ውስጥ «የዩናይትድ ኪንግደም ፓርላማ ሉዓላዊ ነው» የሚል ዐረፍተ ነገር አለ። ያን ዕለት ማታ ቤቴ ገብቼም ከአእምሮዬ አልወጣ ያለኝ ይኸው ነው። እነሱ «ናት» አሉ፤ ሌላው «ትቆጠር» ተባለ።

በአማርኛ ሕግ «ይቆጠራል» እንግዳ ቃል አይደለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ገና ቁጥር ሁለት ላይ፣ የተፀነሰ ልጅ በሕይወት ተወልዶ ለመኖር የሚችል ሆኖ ከተገኘ፣ ጥቅሙ በጠየቀ ጊዜ ሁሉ እንደተወለደ ይቆጠራል ይላል። አባቱ የሞተበት በማሕፀን ያለ ልጅ ውርሱ እንዳይቀርበት ነው። ሕግ ያልሆነውን እንደሆነ ሲቆጥር ይህን ይመስላል፤ ደካማውን ይዞ ያሻግራል። ስለዚህ መቁጠር በራሱ ክፉ ነው አልልም። የልጁ ጥያቄ ያመመኝ እዚህኛው «ትቆጠር» ውስጥ የሚሻገር ሰው ስላጣሁበት ነው። ዳኛ መርምሮ «አይደለችም» ካለ በኋላ የመጣ «ትቆጠር» ነው።

ዳኞቹ ያሉትን በደንብ ማስታወስ ያስፈልጋል፤ በእኛ ሰው መካከል ብዙ ጊዜ ተዛብቶ ይወራልና። ኖቬምበር 15 ቀን 2023 አምስት የጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኞች በአንድ ድምፅ ወሰኑ፤ ውሳኔውን ያነበቡት የፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንት ሎርድ ሪድ ናቸው። ሰውን ወደ ሦስተኛ አገር መላክ ፈጽሞ አይቻልም አላሉም። ሩዋንዳን ለመሳደብም አልተነሡም። ያሉት ማስረጃ መርምሮ የሚባል ነገር ነው፦ እዚያ የጥገኝነት ጥያቄያቸው በአግባቡ ሳይታይ ወደ ሸሹት አገር የመመለስ እውነተኛ አደጋ አለባቸው። የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ኮሚሽን ያቀረበውን አይተዋል። ከሶርያ፣ ከየመንና ከአፍጋኒስታን የመጡ ሰዎች ጥያቄ እዚያ መቶ በመቶ ውድቅ ይደረግ እንደነበር የሚያሳየውን ጭምር። ቀጥሎም ስለ እስራኤል ተነሣ። ከ2013 እስከ 2018 በነበረው ስምምነት ከእስራኤል ወደ ሩዋንዳ የተላኩት ሰዎች በድብቅ ወደ ጎረቤት አገር ይወሰዱ ነበር። ሩዋንዳ ያን ጊዜም ቃል ገብታ ነበር።

እነዚያ ሰዎች እነማን እንደነበሩ ቴል አቪቭ የኖረ ያውቃል። ኤርትራውያንና ሱዳናውያን ናቸው። የዚህ ልጅ ያጎት ልጅ ከእነሱ አንዱ ነበር። ኪጋሊ አየር ማረፊያ ተቀብለው ወረቀቱን ወሰዱበት፤ በሦስተኛው ቀን በመኪና ድንበር አሻገሩት፤ ከዚያ በኋላ የደወለው ከሊቢያ ነው። አንድ ጊዜ ብቻ ደወለ። ስለዚህ ልጁ «ናት ወይስ ትቆጠር» ሲል የፈላስፋ ጥያቄ አልጠየቀም። እሱ በቤተሰቡ የሚያውቀውን ነገር አምስቱ ዳኞች ደግሞ በማስረጃ ደርሰውበታል። ያን ዕለት የሰማው ግን ከእንግዲህ ማንም ዳኛ ያን አንሥቶ «አገሪቱ በጠቅላላው ደኅና አይደለችም» ሊል እንደማይችል ነው። ለራሱ ለብቻው የተለየ አደጋ እንዳለበት በጠንካራ ማስረጃ ካሳየ ጠባብ በር ተትቶለታል። ያጎቱ ልጅ ታሪክ ግን የእሱ የግሉ አደጋ አይደለም ሊባል ይችላል። ጠበቃዋ ይህን ስታስረዳው እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ነበር።

መንግሥትም የራሱ መልስ ነበረው። ዲሴምበር 5 ቀን 2023 ኪጋሊ ላይ አዲስ ውል ተፈረመ፤ ማንም ከሩዋንዳ ወደ ሸሸበት አይላክም የሚል ቃል ተገባበት፤ ፍርድ ቤቱ ያየው አሮጌውን ሁኔታ ነው፣ አሁን ተለውጧል ተባለ። ክርክሩ መሠረት የለውም አልልም። ሁኔታ ይለወጣል። ከተለወጠ ግን ማሳየት እንጂ ማዘዝ ለምን አስፈለገ? ያልተመረጠው የፓርላማው ላይኛ ክፍል፣ የሎርዶች ምክር ቤት፣ የያዘው ይህንኑ ነበር። ጃንዋሪ 2024 ላይ በ214 ለ171 ድምፅ ጥበቃዎቹ በሥራ ሳይውሉ ውሉ አይጽደቅ አለ። በኋላም በጡረታ ያሉት የቀድሞ የጠቅላይ ፍርድ ቤት ምክትል ፕሬዚዳንት ሎርድ ሆፕ በሕጉ ላይ አንዲት ሐሳብ ለማስገባት ታገሉ፦ ደኅና የምትባለው ውሉ በተግባር እስካለ ድረስ ይሁን። «እስካለ ድረስ»፤ ሁለት ቃል። ሕዝብ የመረጠው የኮመንስ ምክር ቤት አወጣው፤ ሎርዶቹ መልሰው አስገቡ፤ እንደገና ወጣ። ኤፕሪል 22 ሌሊት ላይ ያልተመረጡት ለተመረጡት ቦታ ለቀቁ። በማግስቱ ንጋት ሰሜን ፈረንሳይ ጠረፍ ላይ በአንዲት ጀልባ አምስት ሰው ሞተ፤ አንዷ የሰባት ዓመት ልጅ ነበረች። ሕጉ ኤፕሪል 25 የንጉሡን ይሁንታ አገኘ።

እኛ አገር የተማረ ሰው ይህን ሲሰማ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ሕገ መንግሥታቸውስ?» ብሎ ነው። በእኛ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 9 ላይ፣ ሕገ መንግሥቱን የሚቃረን ሕግ ተፈጻሚነት የለውም ተብሎ ተጽፏል። እንግሊዞች ይህን የሚል አንቀጽ የላቸውም። ሕገ መንግሥት የላቸውም ማለት ግን ስሕተት ነው። አላቸው፤ በአንድ ጥራዝ አልተሰበሰበም እንጂ። በ1215ቱ ማግና ካርታ፣ በ1689ኙ የመብቶች ሕግ፣ በ1911ና በ1949 የሎርዶቹን ሥልጣን በቀነሱት ሕጎች፣ በ1998ቱ የሰብአዊ መብቶች ሕግ፣ ከዚያም ባልተጻፈ ልማድ ውስጥ ተበትኖ ይገኛል። ከሁሉም በላይ ያለው አንድ ደንብ ፓርላማው የፈለገውን ሕግ ማውጣትና መሻር ይችላል፣ ያወጣውንም ዳኛ ሊሽርበት አይችልም የሚለው ነው። የሰብአዊ መብቶች ሕጉ እንኳ ለዳኞች የሰጠው የፓርላማን ሕግ የመሻር ሳይሆን «ይህ ሕግ ከመብቶቹ ጋር አይጣጣምም» ብለው የማወጅ ሥልጣን ነው። ይታወጃል፤ ሕጉ ግን እንዳለ ይቆያል።

አያቴ «ንጉሥ አይከሰስ፣ ሰማይ አይታረስ» ይሉ ነበር። እንግሊዞች በ17ኛው ክፍለ ዘመን አንዱን ንጉሥ አንገቱን ቀሉት፣ ሌላውን አባረሩት፤ ከዚያም የንጉሡን አለመከሰስ አፍርሰው አልጣሉትም፤ አንሥተው ለፓርላማው አለበሱት። እኔ ይህን የተረዳሁት ከመጽሐፍ ሳይሆን በሥራዬ ላይ ነው።

ይህ አለባበስ ግን ለረጅም ዘመን አገሪቱን የጠቀመ ነው፤ ይህን አለመናገር ግፍ ይሆንብኛል። ሴፕቴምበር 24 ቀን 2019 የሌላ ጠበቃ ቢሮ መጠበቂያ ክፍል ውስጥ ነበርኩ፤ ግድግዳው ላይ ቴሌቪዥን ተከፍቷል። ጠቅላይ ሚኒስትር ቦሪስ ጆንሰን ከአውሮፓ ኅብረት በመውጣት ጭቅጭቅ መካከል ፓርላማው ለአምስት ሳምንት እንዲዘጋ ለንግሥት ኤልሳቤጥ ምክር ሰጥተው፣ ንግሥቲቱም በልማዱ መሠረት ፈቅደው፣ ምክር ቤቱ ባዶውን ቆሟል። ከአደባባዩ ማዶ ያለው ጠቅላይ ፍርድ ቤት ውስጥ 11 ዳኞች ተሰይመዋል። ያን ጊዜ የፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንት የነበሩት ሌዲ ሄል ትልቅ የሸረሪት ጌጥ ደረታቸው ላይ አድርገው በዝግታ ያነባሉ። ፓርላማው ሥራውን እንዳይሠራ ያለ በቂ ምክንያት ማገድ ሕገ ወጥ ነው፤ ስለዚህ የመዝጊያውን ትእዛዝ ይዘው የገቡት ሰዎች ባዶ ወረቀት ይዘው እንደገቡ ነው። ፓርላማው አልተዘጋም። 11ዱም በአንድ ድምፅ።

ከጎኔ ነጠላ የለበሱ እናት ነበሩ፤ የልጃቸውን ጉዳይ ይዘው የመጡ። «ምን አሉ?» አሉኝ። ነገርኳቸው። አሰብ አድርገው «እና አሁን ዳኞቹ ምን ይሆናሉ?» አሉ።

«ምንም አይሆኑም እማማ፤ ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ» አልኳቸው። አላመኑኝም። በማግስቱ ፓርላማው ተሰበሰበ፤ ዳኞቹም ቤታቸው ገቡ። የእሳቸው ፍርሃት ብዙ ቦታ ያየሁት ስለሆነ ያን ቀን ለዚህ አገር የተሰማኝን አክብሮት ዛሬም አልተውኩትም። የሩዋንዳው ሕግ ያመመኝም በዚሁ አክብሮት ምክንያት ነው። በ2019 ሥራ አስፈጻሚው ፓርላማውን ሊዘጋ ሲል ያዳነው ፍርድ ቤቱ ነው። አምስት ዓመት ሳይሞላ ያው የዳነው ፓርላማ ተነሥቶ የፍርድ ቤቱን ዓይን ሸፈነ።

አንድ የሚያስቸግረኝ ነገር አለ። የሩዋንዳው ሕግ በጸደቀ ወር ሳይሞላው፣ ሜይ 24 ቀን 2024፣ ያው ፓርላማ ሌላ ሕግ አወጣ። የፖስታ ቤት ወኪሎችን የሚመለከት ነው። እነዚህ በየመንደሩ ትንሽ ሱቅ ይዘው የፖስታ ሥራ የሚሠሩ ሰዎች ናቸው። ፉጂትሱ የተባለ ኩባንያ የሠራው ሆራይዘን የተባለ የሒሳብ ኮምፒዩተር ያልጎደለ ገንዘብ ጎድሏል እያለ ከ900 የሚበልጡት በስርቆትና በማጭበርበር ተከሰሱ። ቤታቸውን ሸጠው የከፈሉ አሉ፣ የታሰሩ አሉ፣ ራሳቸውን ያጠፉ አሉ። የእንግሊዝ ሕግ ደግሞ ኮምፒዩተር በትክክል እንደሚሠራ ይገመት ይል ነበር፤ አይሠራም የሚል እሱ ያስረዳ። አንድ የመንደር ባለሱቅ ይህን በምን ያስረዳል? ፍርዳቸውን ፍርድ ቤት አንድ በአንድ ያንሣ ቢባል ብዙዎቹ ሳያዩት ይሞቱ ነበር። ስለዚህ ፓርላማው በአንድ ሕግ በመቶዎች የሚቆጠሩ ፍርዶችን ባንዴ ሰረዘ።

ያኔ ደስ ብሎኝ አለቀስኩ። ያው ሥልጣን ነው እኮ! ፍርድ ቤት ያለውን ፓርላማ በአዋጅ ገለበጠው። የሕግ ሰዎች መካከል ዛሬም የሚከራከሩበት ነው፤ ይህን ከደገፍክ ያን በምን ትቃወማለህ የሚሉ አሉ። ብዙ ሌሊት አስቤበታለሁ። የእኔ መልስ ወደ ማሕፀኑ ልጅ ይመልሰኛል። በፖስታ ቤቱ ሕግ ውስጥ ጥፋተኛው ንጹሕ ተብሎ ቢቆጠር ጉዳቱ የመንግሥት ካዝና ነው፤ ሕጉን ያወጣው ራሱ የከፈለበት ስሕተት። በሩዋንዳው ውስጥ ስሕተት ቢኖር የሚከፍለው ደብዳቤውን አራት ቦታ ያጠፈው ልጅ ነው፤ ሕጉ ሲወጣም ድምፅ ያልነበረው።

ድምፅ ስል በቃሉ ትክክለኛ ትርጉም ነው። እንግሊዝ አገር የሚኖር የኮመንዌልዝ (አብዛኞቹ ቀድሞ በእንግሊዝ የተገዙ አገሮች ያሉበት ማኅበር) አገር ዜጋ፣ ሕጋዊ መኖሪያ ካለው፣ ለፓርላማ ይመርጣል። ሩዋንዳ በ2009 ኮመንዌልዝን ተቀላቅላለች። ስለዚህ ለንደን የሚኖር ሩዋንዳዊ ድምፅ ይሰጣል፤ እኛ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን ዜግነት እስክናገኝ አንሰጥም። እኔ ለመጀመሪያ ጊዜ የመረጥኩት ለንደን በገባሁ በስምንተኛው ዓመት ነው፤ እርሳስ በገመድ የታሰረባትን የእንጨት ጠረጴዛ እስካሁን አስታውሳለሁ። ሩዋንዳዊውን አልቀናበትም፤ ይገባዋል። ግን ፓርላማው ሉዓላዊ የሆነው ሕዝብ ስለመረጠው ነው ሲባል፣ በሕጉ የሚነካው ሰው ከዚያ ሕዝብ ውስጥ አለመቆጠሩን እያሰብኩ ነው የምሰማው። ቆጠራውም ለራሳቸው ለመራጮቹ የተስተካከለ አይደለም። ጁላይ 2024 ላይ ሌበር ፓርቲ 34 በመቶ ገደማ ድምፅ አግኝቶ ከ650 መቀመጫ 411 ወሰደ። ያን ያልተገደበ ሥልጣን ለመያዝ ከሦስት መራጭ አንዱ በቂ ነው ማለት ነው።

አዲሱ መንግሥት የሩዋንዳውን ዕቅድ በገባ በቀናት ውስጥ ጣለው፤ ሕጉን የሚሽር ረቂቅም በጃንዋሪ 2025 አቀረበ። ወዳጆቼ «አለቀ እኮ፣ ምን ትብሰለሰላለህ?» ይሉኛል። አላለቀም። ያ ሕግ የወደቀው በምርጫ ነው፤ ይህን ማድረግ አትችሉም ያለው የለም። መንገዱ አሁንም ክፍት ነው። አሁን ክርክሩ ስትራስቡርግ ወዳለው የአውሮፓ የሰብአዊ መብቶች ፍርድ ቤት ዞሯል። ጁን 14 ቀን 2022 ወደ ሩዋንዳ የሚሄደውን የመጀመሪያውን አውሮፕላን ሊነሣ ጥቂት ሲቀረው ያስቆመው ይኸው ፍርድ ቤት ነበር። ወግ አጥባቂዎቹ በኦክቶበር 2025 ከአውሮፓው የሰብአዊ መብቶች ስምምነት እንወጣለን ብለው አስታወቁ፤ ሪፎርም ፓርቲም የሚለው ይህንኑ ነው። ያለው መንግሥት አልወጣም፣ ግን አተረጓጎሙ ይጥበብ ይላል። ስምምነቱን በ1951 ከሁሉ ቀድማ ያጸደቀችው ብሪታንያ ናት፤ የ1998ቱ የሰሜን አየርላንድ የሰላም ስምምነትም በእሱ ላይ ቆሟል። የውጭ ዳኛ አይዘዘን የሚለውን ስሜት እረዳዋለሁ፤ እኛም ነጻነት እንወዳለን። በአገር ውስጥ ማንም ዳኛ «አይደለም» ሊለው የማይችል ምክር ቤት የውጩን ዳኛ ሲያሰናብት ግን ማን እንደሚቀር አላየሁም።

የእኛ ሰው «በፍርድ ከሄደችው በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደችው ጭብጦዬ ትቆጨኛለች» የሚለውን ጠበቃዋ ተርጉምልኝ ብላኝ ነበር። በቅሎው ቀላል ነው፤ ጭብጦው አስቸገረኝ። ለመንገድ የሚያዝ ትንሽ ድፍን ዳቦ ነው ብዬ በእጄ አሳየኋት። የፋይሉ ሽፋን ላይ ጻፈችው።

ልጁ ጉዳዩ እዚሁ እንዲታይ ሆነ። ለጊዜው ግን ሌላ ነገር ገጠመው፦ አማርኛ ትናገራለህ፣ ስለዚህ ኤርትራዊ አይደለህም ተባለ። እናቱ በ1998 በተነሣው የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት ጊዜ ከአዲስ አበባ ከተባረሩት አንዷ ናት፤ እሱ ግን አዲስ አበባ አክስቱ ጋር ነው ያደገው። ይግባኙ በ2025 መጸው ለንደን ውስጥ ኢዝሊንግተን ተሰማ። የፍርድ ቤቱ አስተርጓሚ ሌላ ሰው ነበር፤ እኔ ከኋላ ተቀምጬ አደምጣለሁ። ክፍሉ ትንሽ ነው፤ የውኃ ማሰሮ፣ ሦስት ጠረጴዛ፣ ግድግዳው ላይ የንጉሡ ዓርማ። ዳኛዋ ዕድሜያቸው የገፋ ሴት ናቸው፤ በኮምፒዩተር ሳይሆን በብዕር ይጽፋሉ።

ስለ እናቱ ጠየቁት፣ ስለ አክስቱ ጠየቁት። በመካከል ያጎቱ ልጅ ስም ተነሣ፤ ከቤተሰቡ ኤርትራዊ ወረቀት የነበረው እሱ ነበርና። ልጁ ከቴል አቪቭ ኪጋሊ፣ ከኪጋሊ ድንበር፣ ከድንበር ሊቢያ ብሎ ተናገረ። የመንግሥቱ ወኪል ይህ ለጉዳዩ አያስፈልግም ሊል ተነሣ። ዳኛዋ እጃቸውን ከፍ አድርገው አስቀመጡትና ወደ ልጁ ዞሩ።

«ቀስ ብለህ ንገረኝ» አሉት። «በስንተኛው ቀን ነው ድንበር ያሻገሩት?»

«በሦስተኛው» አለ።

ብዕሩ እስኪያቆም ጠበቀ።